ይሉኝታ የማያውቁ ምስክሮች

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚያቀናው መንገድ አባያን በስተቀኝ፣ የጋሞን ተራሮች በስተግራ ይዞ ይሄዳል። ታች ጫኖና ላንቴ በሙዝና በማንጎ እርሻ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሙቀቱ ይጋረፋል፣ ወባውም አይጠፋም። ላይ ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ጤና የሚነሱት ብርዱና ቀይ አፈሩ ናቸው። ቆላውም ደጋውም ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሰው ታሞ ከሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው በገዛ ቤቱ፣ በሚስት፣ በልጅ ወይም በምራት እጅ ነው። ባለሙያ ከውጭ ቢመጣ ለጥቂት ደቂቃ ይገባል፣ ሠርቶ ይወጣል። ከወጣ በኋላ የተሠራው ሥራ ደህና መሆኑን፣ ጉዳትም እንዳላስከተለ በምን እናውቃለን?

ሆስፒታል ውስጥ ምስክር ሞልቷል። የክፍሉ ኃላፊ አለች፤ ጎን ያለው አልጋ ላይ የተኛው ያያል፤ የሌሊቱ ተረኛ ከቀኑ ተረኛ ይረከባል። ቤት ውስጥ ያሉት ግን ታማሚው፣ አስታማሚውና የመጣው ባለሙያ ብቻ ናቸው። ባለሙያው ደግሞ እንግዳ ነው። እንግዳ ቡና ይፈላለታል እንጂ «እጅዎን ታጠቡ?» ተብሎ አይጠየቅም። በሌላ ቀን ከወረዳ ተቆጣጣሪ መጥቶ «በአገልግሎቱ ረክታችኋል?» ሲል መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ «እግዜር ይስጣቸው፣ ምን ጎደለብን!» ይሉኝታ ሰውን ከሰው ጋር የሚያኖር ደግ ጠባይ ነው፤ የጤና አገልግሎትን ለመመዘን ግን ከዚህ የባሰ ሚዛን አላውቅም። ስለዚህ ለምስክርነት የምንጠራቸው ይሉኝታ የማይዛቸውን ነው፦ የታማሚውን ቆዳ፣ የተረፈውን ኪኒን፣ የሰዓቱን ደቂቃ፣ መዝገቡን፣ ደጃፍ ላይ ያለውን ሳሙና።

አስቀድሞ ማን ወደ ቤት እንደሚገባ እንለይ። የመጀመሪያዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ሁለተኛው በከተማው እየተለመደ የመጣው በክፍያ የሚጠራ ባለሙያ ነው፦ ቁስል የሚያጥብ፣ ካቴተር የሚቀይር፣ መርፌ የሚወጋ፣ ግሉኮስ የሚሰካ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ድርጅት አቋቁመው የሚሠሩ አሉ፤ አርባ ምንጭን በመሰለ ከተማ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዘመድ ወይም በጎረቤት ጥቆማ ነው። ሦስተኛው በደመወዝም ሆነ ያለ ደመወዝ ሌት ተቀን ከታማሚው ጋር የሚውለው አስታማሚ ነው። ሦስቱም በአንድ ዓይን አይታዩም። ከመጀመሪያዋ መደበኛነትን፣ ከሁለተኛው ፈቃድና ንጽሕናን፣ ከሦስተኛው ደግሞ ጽናትን እንጠብቃለን። ለሦስተኛው እኛም የምንከፍለው ዕዳ አለብን፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ግልጽ ነበር። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ይመደባሉ፤ 16 የጤና ፓኬጆችን ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ከሥራ ጊዜያቸው 75 በመቶውን ከጤና ኬላው ውጭ እንዲያሳልፉም ታቅዶ ነበር። በኋላ ፓኬጁ ሰፋ። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የሳንባ ምች፣ የወባና የተቅማጥ ሕክምና ለሕፃናት መስጠት ጀመሩ፤ ከዚያም የአራስ ሕፃናት ክብካቤ ተጨመረ። ብዙዎቹም ሥልጠናቸው ወደ ደረጃ አራት ከፍ እንዲል ተደርጓል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ጤና ኬላ ለ5000 ሰው ገደማ ነው። አምስት አምስት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል ብንል 1000 ቤት፣ ለአንዷ ሠራተኛ 500 ቤት ይደርሳል። በወር 20 ቀን ወጥታ በቀን አምስት ቤት ብትገባ ሁሉንም ለማዳረስ አምስት ወር ይፈጅባታል። ይህ ስብሰባው፣ ሪፖርቱ፣ ክትባቱና ዘመቻው ሳይቆጠር ነው። እንደ ቦንኬ ወይም ዲታ ባሉ ወረዳዎች፣ በአንድ ገደልና በሌላው መሐል ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አገር ደግሞ በቀን አምስት ቤት ብዙ ነው። ይህን የማነሣው ለማመካኘት አይደለም። ጥራትን የሚመዝን ሰው መጀመሪያ ከአገልግሎቱ ምን መጠበቅ እንዳለበት ማወቅ ስላለበት ነው። «ኤክስቴንሽኗ በየሳምንቱ አልመጣችም» ብሎ መክሰስ ፍትሕ አይደለም። «ልጄን ከወለድኩ ሳምንት ሞላኝ፣ ማንም ብቅ አላለም» ማለት ግን ትክክለኛ ክስ ነው። አራስና ሕፃኗ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት መታየት አለባቸውና። የአራስ ቀን እንደ ሌላው ቀን አይቆጠርም፤ ሕፃናት በብዛት የሚሞቱት በእነዚያ የመጀመሪያ ቀኖች ነው።

የሕክምና ጥራት ምዘና አባት ተብሎ የሚጠራው አቬዲስ ዶናቤዲያን ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ቤሩት ውስጥ ከአርመን ቤተሰብ ተወለደ፤ በኋላ በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፉ ጥራትን በሦስት በኩል እንድናይ መከረ፦ ለሥራው ባለው ነገር፣ በአሠራሩና በውጤቱ። ባለው ነገር ሲል ሰው፣ ዕቃ፣ ፈቃድ፣ መድኃኒት ማለቱ ነው። አሠራር የሚለው በእጅ የሚደረገውን ነው። ውጤቱ በታማሚው ላይ የታየው ለውጥ ነው። በእኔ አስተያየት ለአንድ ቤተሰብ ከሦስቱ እጅግ የሚጠቅመው መካከለኛው ነው። ዕቃ ተሟልቶ ሥራ ሊበላሽ ይችላል። ውጤቱም ያሳስታል፤ በደንብ ታክሞ የሚሞት አለ፣ በመጥፎ ሕክምና መሐል የሚድንም አለ። አሠራር ግን ዓይን ላለው ሁሉ ይታያል።

ስለ መጀመሪያው፣ ለሥራው ስላለው ነገር፣ ጥቂት ብቻ ልበል። በክፍያ የሚመጣ ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ስሙን፣ ሙያውንና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ በቂ ነው። በእኛ ከተሞች መርፌ የያዘ ሁሉ «ዶክተር» ይባላል፤ ቅጽል ስሙ ፈቃድ አይሆንም። ጓንቱ አዲስ ይሁን፣ ሲሪንጁ እፊትዎ ከእሽጉ ይውጣ፣ ያገለገለው መርፌም ወደ ሴፍቲ ቦክስ ወይም ክዳኑ ወደሚገጥም ጠንካራ ዕቃ ይግባ። መርፌውን በፌስታል ጠቅልሎ እሙዝ ማሳ ዳር የሚጥል ባለሙያ ሌላውን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለመገመት ሌላ ማስረጃ አያሻም። የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ለእሱ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ይህም ራሱን የቻለ ምልክት ነው።

አሠራሩ ላይ ግን እንቆይ። ላንቴ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ አስሏት፣ ትኩሳት ይዟት ጤና ኬላ ወሰደቻት እንበል፤ ወይም ኤክስቴንሽኗ ቤት መጣች። የሳንባ ምች የሚለየው ትንፋሽ በመቁጠር ነው። ሕፃኗ ማልቀስ የለባትም፣ መጥባትም የለባትም፤ ልብሷ ተገልጦ ደረቷ ይታያል፤ ቆጠራውም ሙሉ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ዕድሜዋ ከሁለት ወር በታች ከሆነ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ከሁለት ወር በታች ያለች ሕፃን ይህ ምልክት ከታየባት ቤት የምትቆይ አይደለችም፤ አስቸኳይ ሕክምና ያሻታል። እንግዲህ እናትየዋ ማወቅ ያለባት የሕክምናውን ትምህርት ሁሉ አይደለም። ባለሙያዋ ሰዓት ይዛ ነበር? ደቂቃው ሞላ? ወይስ ደረቷን ለአፍታ አይታ «ምች ነው» አለች? ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የሕፃን ትንፋሽ ስለሚያዛባው አይመከርም። አንድ ደቂቃ አጭር ይመስላል፤ ልጅ አቅፎ ለቆመ ሰው ግን ረጅም ነው፤ ለዚህም ነው በቀላሉ የሚዘለለው።

የወባው ደግሞ ከዚህ ይቀላል። የፈጣን ምርመራው ካርድ ደም ነክቶት ወዲያው አይነበብም፤ እንደ ምርቱ ዓይነት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ሲታዘዝ የመጀመሪያው መጠን ባለሙያዋ ፊት ቢዋጥ ይመረጣል፤ ሕፃኑ ወዲያው ቢያስመልሰው ይደገማልና። ሁለተኛው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ስድስት ፍሬ የተሰጠው ትንሽ ልጅ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ የጠዋቱን ሳይውጥ፣ እማሸጊያው ላይ የሚቀረው ሁለት ፍሬ ብቻ ነው። አራት ካገኛችሁ ትኩሳቱ ሲበርድ መድኃኒቱ ተረስቷል ማለት ነው። ይህ አስታማሚውን የምንከስበት ሳይሆን ባለሙያዋ ምን ያህል በሚገባ እንዳስረዳች የምንለካበት ነው። ጥሩ ባለሙያ ነግራ አትሄድም፤ «እስቲ አንቺ ደግሞ ንገሪኝ፣ ማታ ስንት ትሰጪዋለሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ይህን ጥያቄ የሰማችሁበት ቤት ጥራት ገብቶበታል።

አንድ የደኅንነት ጉዳይ በተለይ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ለአራስ ሕፃን እትብት የሚቀባ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጄል አለ። ለአራስ ሕፃን ዓይን ደግሞ ቴትራሳይክሊን ቅባት ይደረጋል። ሁለቱም በትንሽ ቱቦ ይመጣሉ። በበርካታ የአፍሪካ ሀገራት የእትብቱ ጄል በስህተት ዓይን ውስጥ ተደርጎ ሕፃናት ለከባድ የዓይን ጉዳት በመዳረጋቸው የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ጥፋቱ ከቸልተኛ ሰው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ቱቦዎች፣ ጨለማ ቤትና የደከመች እናት አንድ ላይ ሲገናኙ የሚደርስ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ የዓይኑ ቅባት ባለሙያዋ ራሷ አድርጋው ይዛው ትሂድ፤ ቤት የሚቀረው የእትብቱ ብቻ ይሁን፤ እናትየዋም «ይህ ለእትብት ብቻ» መባሉን በቃል ትድገም። ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር እትብቱ ላይ እንዳይደረግ የሚነገረውም በዚሁ ሰዓት ነው። በሰለጠነ የደኅንነት ምዘና «ማን አጠፋ?» ከሚለው በፊት «ጥፋቱን ምን አመቻቸው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ከሕፃናት ወደ አረጋውያን እንሻገር። ስትሮክ መቶት አንድ ጎኑ የማይታዘዝለት አባት ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ተኝቷል። የእሱ እንክብካቤ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚናገር አንድ ቦታ አለ፦ የጀርባው ታችኛ ክፍል፣ ዳሌውና ተረከዙ። የተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ አጥንቱ የሚጫነው ቆዳ ደም ያጣና ይቆስላል። መጻሕፍት ቆዳው ቀይ ሲሆን ተጠንቀቁ ይላሉ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ብዙም አይታይም። ስለዚህ በእጅ ይዳሰሳል፤ ከአካባቢው ይልቅ የሚሞቅ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ቁስሉ ሥር እየሰደደ ነው። ጎብኚ ሁሉ «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ግንባር ይስማል፤ ተረከዝ የሚያይ የለም። ባለሙያ ግን አንሶላውን ገልጦ ማየት አለበት። ካላየ መጥቷል ማለት ይከብዳል።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ሲመገብ ቀና ይላል ወይስ ተኝቶ ይጎርሳል? ተኝቶ የሚጎርስ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሽንቱ የጠቆረ ከሆነ ውሃ አንሶታል። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ባንድ ወረቀት ተጽፈዋል ወይስ በሦስት ፌስታል ተበትነዋል? የስኳር ታማሚ ከሆነ ደግሞ ኢንሱሊኑ የት ነው ያለው? የቆላው ሙቀት ያበላሸዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በእርጥብ አሸዋ መሐል በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማኖር ሙቀቱን ይቀንሳል። ወደ ጨንቻና ዶርዜ ሲወጡ ደግሞ ሥጋቱ ይገለበጣል፤ ከቀርከሃ በተሠራው ቤት ውስጥ እሳቱ መሐል ላይ ይነዳል፣ ጭሱም ይታፈናል። ለብርድ ተብሎ ከታማሚው አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። ቤቱን ዞር ብሎ ያላየ፣ ስለ ከሰሉ አንድ ቃል ያልተናገረ ባለሙያ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ሕመምስ? በቃል የማይናገር ወይም «ደህና ነኝ» ማለት የለመደ ታማሚ ስቃዩን በጣት ያሳያል። በአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ውስጥ የታወቀ ዘዴ ነው፦ የተጨበጠ እጅ «ምንም አያመኝም» ነው፣ አምስቱም ጣት ሲዘረጋ «ከዚህ የባሰ የለም»። የትናንቱንና የዛሬውን ጣት የመዘገበ አስታማሚ ለሐኪሙ ከረጅም ታሪክ የበለጠ ይነግረዋል። በአዲስ አበባ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ለካንሰርና ለሌሎች ከባድ ሕመሞች ታማሚዎች ይህን ዓይነት እንክብካቤ ቤት ድረስ ሲያደርስ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ወደ ውጤት ስንመጣ ሁለት የኢትዮጵያ ጥናቶችን ላንሣ፤ ሁለቱም ቤት ውስጥና በቀበሌ የሚሠራ ሥራ በቁጥር ሊመዘን እንደሚችል ያሳያሉ። በጋሞም ሆነ በሌሎች ደጋዎች ከቀይ አፈር ጋር ባዶ እግር ለዘመናት መገናኘት የሚያመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ መድኃኒቱ በአብዛኛው የቤት ሥራ ነው፦ እግርን በሳሙናና በፀረ ተህዋስ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች በዕጣ በሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። ታማሚዎቹ እግራቸው በድንገት ተቆጥቶ የሚጥላቸውን ቀን በየራሳቸው ማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር። እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ያልጀመሩት 23.9 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ለገበሬ ግን በዓመት አራት ጊዜ ከመውደቅ መዳን ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ መለኪያው ነው፦ «ተመችቶሃል?» አልተባሉም፣ የወደቁበት ቀን ተቆጠረ።

ሌላው በጎረቤት ሲዳማ የተሠራው ነው። ዳንኤል ዳቲኮና በርንት ሊንድቾርን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጣሪዎችን እንዲለዩና ሕክምናውን በቀበሌያቸው እንዲከታተሉ በተደረገባቸው ቀበሌዎች ሕክምናቸውን በስኬት የጨረሱት 89.3 በመቶ፣ በተለመደው አሠራር በቀጠሉት 83.1 በመቶ ነበሩ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም በአርባ ምንጭ ዙሪያ ቀበሌዎች ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ የሚከታተልበት ጣቢያ አለው፤ ውሎ አድሮ የአንድ አካባቢ እንክብካቤ ፍሬ የሚታየው በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

መዝገብ ካነሣን የቤተሰብ ማህደሩን እንይ። እያንዳንዱ ቤት በጤና ኬላው ውስጥ አንድ ማህደር አለው፤ የቤቱ ሰዎች፣ መጸዳጃው፣ አጎበሩ፣ እርግዝናው፣ ክትባቱ ይጻፍበታል። ችግሩ ወረቀት ይሉኝታ ባይኖረውም የሚጽፈው እጅ ሪፖርት ይፈራል። «ተጎብኝቷል» የሚል ምልክት የመጎብኘት ማስረጃ አይደለም። ማጣራቱ ግን ሁሉን ቤት ማንኳኳት አይጠይቅም፤ ወጥ የሚቀምስ ሰው ድስቱን አይጨርስም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስልክ ፋብሪካዎች የተወለደ፣ በኋላ ወደ ጤናው ዘርፍ የተሻገረ ዘዴ አለ፦ 19 ቤት በዕጣ ይወጣል፤ ግቡ 80 በመቶ ከሆነና ቢያንስ 13ቱ አገልግሎቱን በትክክል አግኝተው ከተገኙ አካባቢው አለፈ ይባላል፤ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ድጋፍ ይሻል። የዚህ ዘዴ ነፍሱ ዕጣው ነው። ተቆጣጣሪው መንገድ ዳር ያሉትን ወይም ኤክስቴንሽኗ የምትመራውን ሞዴል ቤቶች ብቻ ካየ 19 ይሁን 190 ዋጋ የለውም።

ዕጣው ሌላም ነገር ያወጣል። በጋሞ ማኅበረሰብ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ቤተሰቦች ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል፤ ቤታቸውም ብዙውን ጊዜ ከመንደሩ ጠርዝ ነው። የአገልግሎት አማካይ ውጤት የቱንም ያህል ቢያምር እነዚያ ቤቶች ውስጥ ካልተገባ ጥራት አለ ማለት አልችልም። የሚመዝን ሰው ማህደሮቹን ይዞ «የማን ቤት ነው ያልተጎበኘው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ በብዛት የሚገኘው ከገደሉ ማዶና ከመንደሩ ጠርዝ ነው።

በውጭ ሀገር ያለውን አንድ ነገር ብቻ ላምጣ፤ በዋሽንግተንና አካባቢው በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ እህቶች ስላሉን እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ መንግሥት በሚከፍልለት የቤት ውስጥ ሕክምና የምትሠራ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋታል። ታማሚው የነርስ ሕክምና የሚሻ ከሆነ ደግሞ ነርሷ ቢያንስ በየ14 ቀኑ የረዳቷን ሥራ መቆጣጠር አለባት። እዚያም ጥፋት አለ፤ ቁም ነገሩ ቁጥጥሩ በቀጠሮ የታሰረ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ጤና ጣቢያው ሥሩ ያሉትን ጤና ኬላዎች ይደግፋል፤ ድጋፉ ግን ብዙ ጊዜ መዝገብ አይቶ ይመለሳል። ተቆጣጣሪዋ ከኤክስቴንሽኗ ጋር አንድ ቤት ገብታ፣ ጥግ ይዛ፣ ትንፋሽ ስትቆጥር ብታያት ከአሥር ቼክሊስት ይበልጣል።

ማኅበረሰቡ ራሱ ለጤና ጣቢያና ለጤና ኬላ ነጥብ የሚሰጥበት ካርድ በሀገሪቱ ተዘርግቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። በስብሰባው ግን ባለሙያዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው «ስንት ትሰጣላችሁ?» ሲባል ይሉኝታ እንደገና ይነግሣል። ጋሞ ለዚህ የራሱ ልምድ አለው፤ በዱቡሻ አደባባይ ሰው ተራ ይዞ፣ ሌላውን ሳያቋርጥ፣ ያየውን ይናገራል፤ ጉዳዩም ሳይቋጭ አይበተንም። የነጥብ ካርዱ ያን ሥርዓት ቢበደር ይሻለዋል ባይ ነኝ፦ ነጥብ ከመጠየቅ ይልቅ «ባለፈው ወር የወለደች ማን ናት? በስንተኛው ቀን ታየች?» ቢባል።

አስታማሚውን ረስቼ አይደለም። አንዲት ምራት በሌሊት አራት ጊዜ ተነሥታ አማቷን የምታገላብጥ ከሆነ ቀን ላይ የማን ተራ ነው? የደከመ ሰው መድኃኒት ይሳሳታል፣ ይቆጣል፣ ወገቡን ይጎዳል። ስለዚህ ወደ ቤት የሚመጣ ባለሙያ ታማሚውን ብቻ ዓይቶ ከሄደ ምዘናው ጎድሏል፤ «አንቺስ ትተኛለሽ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ቤተሰቡም ሥራውን በአንድ ሴት ላይ ጭኖ «እሷ ታውቅበታለች» ማለቱን ይተው፤ እድሩ ለቀብር የሚያወጣውን ተራ ለማስታመምም ሊያወጣ ይችላል።

ጥፋት ሲደርስስ? መጀመሪያ ታማሚውን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማድረስ ነው። ቀጥሎ ያሉት ነገሮች እንዳይጣሉ፦ የመድኃኒቱ ቱቦ፣ ብልቃጥ ወይም ማሸጊያ፣ የምርት ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ እንዳለ ይቀመጥ። መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደተሰጠና ከዚያ በኋላ ምን እንደታየ በሁለት መስመር ይጻፍ። አቤቱታው መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ካልሆነ ለወረዳው ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ባለሙያው በግል የተጠራ ቢሆንም ፈቃዱን የሰጠው የጤና ቢሮ ስለሆነ ያው መንገድ ክፍት ነው። ስታቀርቡ «ክፉ ናቸው» አትበሉ፤ ያ ቃል ይሰማና ያልፋል። «ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይህ መርፌ ተወጋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰውነቱ ሽፍ አለ፣ ብልቃጡ ይኸው» በሉ።